ኮጴ፣ ኮቤ፣ ሽፍን

መቱ ውስጥ ጫማ መሸጥ የጀመርኩት ባገባሁ በመንፈቁ ነው። ባለቤቴ የጉራጌ ልጅ ነው፤ መርካቶ አጎቱ ሱቅ ውስጥ ጫማ ሲያወርድና ሲደረድር አድጎ፣ ኋላ የራሱን እንጀራ ፍለጋ ወደ ኢሉባቦር ወርዶ የቀረ። እኔ የጸሐፊ ልጅ ነኝ። አባቴ ከመንዝ መጥቶ ፍርድ ቤት ሲጽፍ ኖረ፣ እናቴ ጎሬ ተወለደች፣ እኔ ደግሞ እዚሁ መቱ ተወልጄ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ ስወጣ ኦሮምኛ እያወራሁ አደግሁ። ሁለቱንም ስለምችል ንግዱ ቀላል ይሆንልኛል ብዬ ነበር። ዋጋውን በሳምንት ለመድኩት። ስሙን ግን ዓመትም አልበቃኝ።

እናቴ ቤት፣ ጣት መሐል የሚገባው ላስቲክ «ሸበጥ» ነው። ባለቤቴ «ነጠላ ጫማ» ይለዋል። ከአዲስ አበባ የሚመጡት መንገድ ሠሪዎች «ስሊፐር አለሽ?» ይሉኛል። ከመኪና ጎማ ተቆርጦ የሚሠራውን፣ በሰፈራ ከወሎ የመጡት ሰዎች «በረባሶ» ሲሉት፣ የጎረቤታችን የኡካ ከተማ ሽማግሌዎች ደግሞ «ኮጴ ጎማ» ይሉታል፤ የጎማ ጫማ ማለታቸው ነው። ሁሩሙ ገበያ ስሄድ ያው «ኮጴ ጎማ» እስከ ጉልበት የሚደርስ የዝናብ ቦቲ ሆኖ ጠበቀኝ። አንድ ጊዜ ኡካ ያለ ደንበኛችን በሚኒባስ ረዳት በኩል «ኮጴ ጎማ ላኩልኝ» ቢለን፣ ኬሻ ሙሉ ቦቲ ጭነን ላክንለት። የበጋ ወቅት ነበር። «ምነው፣ ዓሣ ላጠምድ ነው እንዴ?» ብሎ በዚያው ረዳት መለሰልን።

በዚያው ሰሞን የየሱቁ ሰሌዳ ከላይ በኦሮምኛ፣ ከታች በአማርኛ ይጻፍ ተባለና ሠዓሊ ጠራን። ሠዓሊው ብሩሹን እንደያዘ «ኮጴ ብቻ ብዬ ልለፈው ወይስ ዓይነት ዓይነቱንም ልጻፍ?» ሲል ጠየቀ።

ባለቤቴ መደርደሪያውን አየት አደረገና «ዓይነቱን ከጻፍክማ ሰሌዳው ከሱቁ ሊበልጥ ነው» አለው። «ኮጴ» ብቻ ተጻፈ። ብዙም ሳይቆይ ያ ቃል ራሱ ሌላ ስም እንዳለው ተማርኩ።

ባለቤቴ የመቱውን ሱቅ ሲይዝ፣ እኔ በገበያ ቀን ዕቃዬን በሚኒባስ ጭኜ ሁሩሙ እሄድ ነበር። እዚያ ሸራ ወጥሬ ጫማዬን መሬት ላይ እዘረጋለሁ። ከአጠገቤ ብርድ ልብስና የሱፍ ቆብ የሚሸጥ የስልጤ ሰው ነበር፤ ተጫዋች፣ አፉ የማያርፍ፣ ኦሮምኛው ግን ከቁጥርና ከአንዳንድ የገበያ ቃል የማያልፍ።

አንድ ቀን ረጅም ቀጭን ሽማግሌ መጥተው ከፊቴ ቆሙ። ማር ሸጠው መመለሳቸው ነው፤ ባዶ ባልዲያቸውን አንጠልጥለዋል፤ ልብሳቸው የቀፎ ጭስ ጭስ ይሸታል።

«ልጄ፣ ኮቤ ጩፋ አለሽ?» አሉኝ በኦሮምኛ።

«ጩፋ» ዝግ፣ ሽፍን ማለት ነው። «ኮቤ» የሚባል ነገር ግን ሰምቼ አላውቅም። እኔ ሳስብ ጎረቤቴ ቀደመኝ።

«ቆብ ነው'ኮ የፈለጉት!» ብሎ ከክምሩ ላይ ጆሮ የሚሸፍን የሱፍ ቆብ መዘዘና ሰጣቸው። «ይኸው ዝግ ቆብ! ቅንድብ እንኳ አያሳይ!»

ሽማግሌው ቆቡን አገላብጠው አዩትና ፈገግ አሉ። «ጥሩ ነው። ግን እግር ላይ እንዴት ይቆማል?»

እኔም ጎረቤቴም ሳቅን፤ እሳቸውም አብረውን ሳቁ። ከዚያ አስረዱኝ። ጤና ጣቢያ አዲስ ነርስ መጥታለች፤ ከሐረር በኩል የመጣች ልጅ ናት። «ባለቤትዎ ኮቤ ጩፋ ታድርግ፤ ሌላው አይሆንም» ብላቸዋለች። «እኛ ኮጴ የምንለውን እነሱ አገር ኮቤ ይሉታል አሉ» አሉኝ። «እንዳይጠፋኝ ብዬ መንገዱን ሁሉ ቃሏን ሳልቀይር ነው የመጣሁት።»

እንግዲህ ሽፍን ጫማ ነው የተፈለገው። ግን የትኛው ሽፍን? ሁሩሙ ላይ «ኮጴ ጩፋ» ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ ቦቲ ፈልጎ ነው። ስለ ቁጥሩ ስጠይቃቸው መዳፋቸውን ዘርግተው ስንዝር ከምናምን አሳዩኝ። በዚያ ልክ ቦቲ ሰጠኋቸው።

በሚቀጥለው ገበያ ቦቲው ተመለሰ። ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ ነበር። «አልገባም» አሉኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። መቱ ላይ ሽፍን ሲባል የፕላስቲኩን ጫማ ኮንጎንም ስለሚጨምር፣ ለስለስ ያለ ትልቅ ኮንጎ ሰጠኋቸው። እሱም ተመለሰ። ቀጥሎ ሸራ ጫማ፣ የወንድ፣ ካለኝ ሁሉ ትልቁን ሰጠኋቸው። ሸራውም በሙዝ ቅጠሉ ተጠቅልሎ መጣ። ጫማ ሲመለስብኝ እናደድ ነበር፤ የእሳቸው አመላለስ ግን የሚያናድድ አልነበረም። ማሰሪያውን እንኳ እንደነበረው አድርገው ቋጥረውታል።

ጎረቤቴ ግን አላስቻለውም። «እኚህ ሰውዬ ሚስታቸውን በጨለማ ነው እንዴ ያገቡት? እግሯን አያውቁትም?» ይለኛል፤ ድምፁን ዝቅ ያደረገ እየመሰለው።

አንድ ቀን «ጋሼ፣ እትዬ ራሳቸው መጥተው ቢሞክሩት አይሻልም?» አልኳቸው።

«እሷ ገበያ አትወጣም።»

«አሟቸው ነው?»

«ገበያ አትወጣም» አሉ ደግመው። ዓይናቸውን ከዓይኔ ላይ አነሱ።

ከዚያ ወዲያ መጠየቅ ነውር መሰለኝ። ከኬሻዬ አፍ ላይ ሲባጎ ቆርጬ ሰጠኋቸው። «በዚህ ይለኩልኝ። ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት አንድ ጊዜ ይቋጥሩ። ከዚያ ደግሞ የእግሩን ዙሪያ ለክተው ይቋጥሩ። እኔ መርካቶ ድረስም ቢሆን አስፈልግልዎታለሁ።»

ሲባጎውን ይዘው መጡ። የመጀመሪያው ቋጠሮ የተለመደ የሴት እግር ነው። ሁለተኛው ግን ከመጀመሪያው አልፎ ሄዶ፣ ሄዶ፣ ሲባጎው ጫፍ ሊደርስ ሲል ተቋጥሯል። ዘርግቼ ሁለቱን ቋጠሮዎች ደግሜ አየሁ። ጎረቤቴ በትከሻዬ በኩል አንገቱን አስግጎ አየው።

«ጋሼ! ይኼ የእግር አይደለም፤ የወገብ ልክ ነው ያመጡት!»

ዙሪያችን የነበረው ገበያተኛ ሁሉ ሳቀ። ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ፤ ሲባጎውን መለስኩላቸው። ጣታቸው ላይ ቀስ ብለው ጠቀለሉት፣ ኪሳቸው ከተቱት፣ ባልዲያቸውን አንስተው ሄዱ። በሚቀጥለው ገበያ አልመጡም። ከዚያም በኋላ ባለው አልመጡም። ማር ተራ ሄጄ ስጠይቅ «ማሩን ሌላ ሰው ነው የሚያመጣላቸው» አሉኝ። ጎረቤቴም ነገሩ ከነከነው መሰለኝ፤ በዚያ ሰሞን ዝም ማለት አበዛ።

እንዲህ እንዳለን አንዲት ቀይ፣ አጠር ያለች ልጅ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ መጣችና ጫማዎቼን ታገላብጥ ጀመር። «ለዚህ ጭቃ የሚሆን ኮቤ የለሽም?» አለችኝ።

ቃሉን ስሰማ ቀና አልኩ። «አንቺ ነሽ ነርሷ!»

ደነገጠች። «ማን ነገረሽ?»

«ስሙ ነገረኝ። እዚህ አገር ኮጴን ኮቤ የሚል ካንቺ በቀር የለም።» ከዚያ ስለ ሽማግሌው፣ ስለ ቦቲው፣ ስለ ኮንጎው፣ ስለ ሸራው፣ ስለ ሲባጎው ነገርኳት። እየሰማችኝ ፊቷ ተለዋወጠ።

«በእኔ ነው» አለች። «ሽፍን ጫማ አልኩና ተውኩት። ሽፍን የሚባለው ይህን ያህል ብዙ መሆኑን ማን አወቀ?» ያነሳችውን ጫማ መልሳ አስቀመጠች። «የታማሚ ነገር ገበያ ላይ አይወራም። ግን ሰውየውን ሳገኛቸው አስፈቅዳቸዋለሁ። ከፈቀዱ አብረሽኝ ትመጪያለሽ?»

እሺ አልኳት። ፈቀዱ።

ከሁሩሙ ወጥተን በቡና ጥላ ሥር በእግር መንገድ ሄድን። ሌሊቱን ዘንቦ ስላደረ ቀዩ አፈር እንደ ሊጥ ይይዛል። እኔ ከተማ ለብሼ የምወጣውን ጫማዬን አድርጌ ነበር፤ ግማሹን መንገድ በእጄ ይዤው ሄድኩ። ነርሷ ግን ቆማ ጠበቀችኝና «አድርጊው» አለችኝ ኮስተር ብላ። «እዚህ አገር ብዙ ሰው እግሩ የሚያብጠው ከዚሁ ከቀይ አፈር ነው። ዓመት ከዓመት በባዶ እግር ሲረገጥ ደቃቁ በቆዳ እየገባ ነው። እርግማን ይላሉ፣ የእባብ መንገድ መርገጥ ይላሉ። አፈር ነው።» ጭቃውን ጠርጌ አደረግሁት።

ቤቱ በቀፎና በእንሰት የተከበበ ንጹሕ ግቢ ነው። ሽማግሌው ከበሩ ወጥተው ተቀበሉን፣ በርጩማ አቀረቡልን። ከጓዳ በኩል፣ ከመጋረጃው ወዲያ፣ የሴት ድምፅ መጣ።

«ሳቂው ነው የመጣው?»

«አይደለም» አሉ ሽማግሌው። «ያልሳቀችው ናት።»

መጋረጃው ተገለጠ። ሰፊ ግንባር ያላቸው፣ ዓይናቸው የነቃ ሴትዮ፣ ግድግዳውን በእጃቸው እየደገፉ ወጥተው ከፊታችን ተቀመጡ። ከጉልበታቸው በታች ጋቢ ጣል አድርገዋል። ሰላምታ ተለዋወጥን፣ ስለ ዝናቡ አወራን፣ ስለ ቡናው አበባ አወራን። ከዚያ ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞሩ።

«ባሌ የጫማ ስም ሲያጠና ከረመ» አሉ። «ቦቲ አለኝ፣ ኮንጎ አለኝ፣ ሸራ አለኝ። እስቲ አንቺ ንገሪኝ፤ መቱ ውስጥ ለዚህ የሚሆነው ምን ይባላል?»

ጋቢውን ገለጡት።

ሁለቱም እግራቸው ከጉልበት በታች አብጦ ጣቶቹ ሊዋጡ ደርሰዋል። ቆዳው እንደ ዛፍ ቅርፊት ሻክሯል። ሲባጎው ትክክል ነበር፤ ሽማግሌው አንዲት ጣት እንኳ አላሳሳቱም። ሴትዮዋ ፊቴን አተኩረው ያያሉ፤ መልስ ይጠብቃሉ።

«ስም የለውም፣ እትዬ» አልኳቸው። «ገና አልተሠራም።»

ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው ሊሠራ ነው ማለት ነው» አሉ። ነርሷ ሳቀች፤ እሳቸውም ሳቁ።

እያወራን ቆየን። በሽታው የጀመራቸው በልጅነታቸው ነው፤ ቡና ለቅመው ሲመለሱ እግራቸውን ያቃጥላቸው ነበር። እያደር ሲከፋ ሰው ማየት ጠሉ። መጀመሪያ ገበያ ቀረ፣ ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ለቅሶና ሠርግ። «ልጄ ስትዳር ዘፈኑን ከጓዳ ሆኜ ነው የሰማሁት» አሉ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው አልተሰበረም። የተሰበረው ቀጥሎ ነው፤ ያውም በቁጣ። «ከሁሉ ከሁሉ ገበያው ናፈቀኝ! ይህ ሰውዬ ማር መሸጥ የት ያውቃል? ነጭ ማር ይዞ ይሄዳል፣ ‹ጥቁር ነው› ካሉት ‹እሺ› ይላል!»

«ጥቁር ነው ብዬ አላውቅም» አሉ ሽማግሌው።

«እሺ ትላለህ ወይስ አትልም?»

ሽማግሌው ተነስተው እሳቱን ቆሰቆሱ።

ነርሷ በየቀኑ እግራቸውን በሳሙና አጥበው እንዲያደርቁ፣ ቅባቱን እንዲቀቡ፣ ማታ ከፍ አድርገው እንዲተኙ በድጋሚ አሳየቻቸው። «እብጠቱ ይቀንሳል። ግን እየታጠበ አፈር ከረገጠ ልፋቱ ከንቱ ነው» አለች። እኔ የሲሚንቶ ወረቀት አንጥፌ የእግራቸውን መልክ በከሰል አወጣሁ። ሽማግሌው ወረቀቱን እንዳይታጠፍ ብለው በቀርቀሃ ውስጥ ከተው ሰጡኝ።

መቱ መናኸሪያው ጥግ፣ ከከምባታ የመጣ ጫማ ሰፊ አለ። ከኛ ሱቅ የተገዛ ጫማ ሲገነጠል ሰው ሁሉ ወደ እሱ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ እኔና እሱ እንደ ጎረቤትም እንደ ባላንጣም ነበርን። ወረቀቱን ዘረጋሁለት። አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ፎርማ የለኝም» አለኝ። ፎርማ የሚሉት ጫማው የሚወጠርበትን የእንጨት እግር ነው። «ያለ ፎርማ ቶማያው አይቆምም።» ቶማያ ደግሞ የላይኛው ቆዳ ነው።

«ያለ ፎርማ ሠርተህ አታውቅም?»

«አላውቅም።» ወረቀቱን ግን አልመለሰልኝም። ወደ ብርሃኑ አዙሮ አየው። «ሴት ናት?»

«ሴት ናቸው። እናትህን የሚያክሉ።»

«ይቺን ወረቀት ለነገ ተዪልኝ» አለ።

ለባለቤቴ ነገሩን ማታ ነገርኩት። ራት እየበላን ነበር፤ ጉርሻውን አቁሞ ሰማኝ። በሚቀጥለው የመርካቶ ጉዞው ለስላሳ የፍየል ቆዳ ይዞ መጣ። «ሻጮቹ ‹ለምን ነው?› ቢሉኝ ‹ለሰፊ ሽፍን› አልኳቸው» አለኝ። «‹እንዲህ የሚባል የለም› አሉኝ። ‹ኢሉባቦር አለ› አልኳቸው።»

የመጀመሪያው ጫማ አልሆነም። መልኩ ያምር ነበር፤ ወስጄ ሳሳያቸው ሴትዮዋ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ገበሩን ዳበሱት። ሲሞክሩት ግን እግራቸው እስከ መሐል ገባና ቆመ። ገፋን፣ ጎተትን፣ አልሆነም። ሽማግሌው ወዲያው ተነስተው የሙዝ ቅጠል ሊቆርጡ ወጡ።

«ና ተመለስ!» አሉ ሚስታቸው። «ይኼ አይመለስም። ቦቲው ጣቴን እንኳ አላስገባም። ይኼ መሐል ደርሷል።»

ያን ቃል ሄጄ ለጫማ ሰፊው ነገርኩት። በሚቀጥለው ገበያ ቀን ዕቃውን በኬሻ ቋጥሮ ከኔ ጋር ሚኒባስ ገባ። በዚያ ጭቃ ከኔና ከነርሷ ጋር እስከ ቤታቸው ሄደ። ከፊታቸው ተንበርክኮ እግራቸውን በእጁ ለካ፤ ፊቱን አላጠቆረም። ከዚያ እዚያው ግቢ ውስጥ ቁጭ ብሎ ጫማውን ከላይ እስከ ጣት ድረስ ለሁለት ቀደደው። ሴትዮዋ «ውይ!» አሉ። እሱ ግን በግራና በቀኝ ቀዳዳ በስቶ ገመድ አስገባበት። እንደ መጽሐፍ የሚገለጥ ጫማ ሆነ። እግር ከላይ ገብቶ ያርፋል፤ ከዚያ ገመዱ እንደ እብጠቱ ልክ ይሳባል።

እትዬ እግራቸውን አስገቡ። ጫማ ሰፊው ከጣት ጀምሮ ቀስ እያለ አሰረላቸው። አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። ተነሱ።

ከበሩ ወጡ። ግቢውን ዞሩ። ዶሮዎቹ እየተንጫጩ ተበተኑ። ሽማግሌው፣ ሕፃን መሄድ ሲጀምር እንደሚደረገው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ከኋላ ከኋላ ይከተላሉ።

«አትከተለኝ፣ ቀፎህ ነኝ እንዴ?» አሏቸው ሳይዞሩ። ቡናው ድረስ ሄዱ፤ አንዱን ቅርንጫፍ ይዘው ቆሙ። ጀርባቸውን ነበር የምናየው። ብዙ ቆዩ። ነርሷ ልትጠራቸው ስትል ሽማግሌው «ተያት» አሏት ዝግ ብለው።

ገበያ የመጡት ከዚያ በኋላ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ነው። ረፋዱ ላይ ገበያው ሲሞቅ፣ ሽማግሌው ባልዲውን ተሸክመው፣ እትዬ ምርኩዝ ይዘው ከፊት ከፊት ሲመጡ አየሁ። ሰው ዞር እያለ ያያል። እሳቸውም ዞር እያሉ ያያሉ፤ ማን አረጀ፣ ማን ወፈረ፣ የማን ልጅ አደገች እያሉ። በቀጥታ ወደ እኔ ሸራ መጡ። ጎረቤቴ ሲያያቸው ብድግ አለ። ከብርድ ልብሶቹ ደህናውን አንስቶ መሬት ላይ አነጠፈላቸው።

«የወገብ ልክ ነው ያልከው አንተ ነህ?» አሉት።

በኦሮምኛ ነው፤ ግን ገባው። ጎንበስ ብሎ «እናቴ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ በአማርኛ። ተረጎምኩላቸው።

«በዚህ ብርድ ልብስ ላይ የሚለኝን ዋጋ ልስማና አስብበታለሁ በይው» አሉኝ።

በጥሩ ዋጋ ሸጠላቸው። ከዚያ ማር ተራ ሄደው ከነጋዴዎቹ ጋር የተከራከሩትን ክርክር ሁሩሙ ውስጥ ዛሬም የሚያስታውስ ሰው አይጠፋም። ሽማግሌው ከጎናቸው ቆመው ፊታቸው እንደ ሙሽራ በርቷል። ያን ቀን ነጩ ማር በነጭነቱ ተሸጠ።

ሰው ያያል፤ ያየውን ደግሞ ያወራል። በሚቀጥሉት ገበያዎች፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅና ሰው ሲሳሳ፣ አንዳንድ ሰዎች ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ ይጠይቁኝ ጀመር። አንዱ ለእናቱ፣ አንዷ ለራሷ፣ አንዱ ለወንድሙ። ጫማ ሰፊው ከዘመዶቹ አንዱን አስመጥቶ ሥራውን አስተማረው። ጫማው ገና ስም ስላልነበረው የየአገሩ ሰው የየራሱን አወጣለት። ሁሩሙ ላይ «ኮጴ ኣዴ» ተባለ፤ የእመቤቲቱ ጫማ እንደማለት ነው። ኡካ ላይ «ባለ ገመድ» ይሉታል። ከሶር ወንዝ በኩል የሚመጡት «የነርሷ» ይላሉ። ጫማ ሰፊው ራሱ «ፎርማ የለሽ» ነው የሚለው። ባለቤቴ እስካሁን «ሰፊ ሽፍን» እንዳለ ነው። ያኔ ተምሬያለሁና አሁን ሰው የማላውቀውን ስም ሲጠራብኝ አልሰጥም፣ አልከለክልም፤ «ማን ነው የሚያደርገው? የት ነው የሚሄድበት?» ብዬ እጠይቃለሁ። ከዚያ ስሙ ምንም ይሁን ምን ጫማው ይገኛል።

ነርሷ ኋላ ወደ አገሯ ተዛወረች። ስንሸኛት ጫማ ሰፊው አንድ ጥንድ ሠርቶ ሰጣት፤ እዚያ ላለ ጫማ ሰፊ እንድታሳይ። ከጊዜ በኋላ ስልክ ደወለችልኝ። «የኛዎቹም ቻሉበት» አለችኝ። «ምን ብለው ይጠሩታል?» አልኳት። «ኮቤ ኢሉ ይሉታል፤ የኢሉባቦር ጫማ» አለች። ስልኩን ይዤ ለባለቤቴ ስነግረው በሳቅ ጫማ ከሚደረድርበት መሰላል ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

እትዬን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ባለፈው ዓመት፣ ቡና ከተለቀመ በኋላ ነው። ከሁሩሙ በሚኒባስ መጥተው መቱ ሱቃችን ገቡ፤ ከጎናቸው ሽማግሌው አሉ፤ አሁን ምርኩዝ የያዙት እሳቸው ናቸው። እትዬ ወንበሩ ላይ ተቀመጡና እግራቸውን ወደ ፊት ሰደድ አደረጉ።

«ክስ ይዤ ነው የመጣሁት» አሉኝ።

«ምን ሆኖ፣ እትዬ?»

«ሰፋኝ። ገመዱን እስከ መጨረሻ ስቤው እንኳ እግሬ ውስጡ ይዋኛል።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነት ነው። ቁርጭምጭሚታቸው ይታያል። ጣቶቻቸው አምስቱም በየቦታቸው አሉ፤ ጥፍራቸውም ተቆርጧል። እንኳን ደስ ያለዎት ልል አፌን ስከፍት ጫማ ሰፊው ተጠርቶ ደረሰ። ጫማውን አውልቆ አገላበጠው፤ ሶላው የተበላበትን አየ፤ ጠመኔ አውጥቶ አዲስ መስመር አሰመረበት።

«ሁለት ጣት እቀንሳለሁ» አላቸው።

«ሦስት ቀንስ።»

«ሁለት ይበቃል እናቴ። ሌላውን ለሚቀጥለው ዓመት እናቆየው።»

አሰቡበት። «ይሁን» አሉ። ጫማው ተሰፍቶ እስኪያልቅ ድረስ ካርቶን አንጥፌላቸው፣ ካልሲያቸውን አድርገው፣ መደርደሪያችንን ከላይ እስከ ታች ሲያዩ ቆዩ። ሽማግሌውን ክንዳቸውን ነካ አድርገው በጣታቸው አንድ ነገር አሳዩዋቸው። ከሁሉም በላይ የተሰቀለ፣ ለሠርግ የሚገዛ፣ አጭር ተረከዝ ያለው ጥቁር የሴት ጫማ ነው።

«ያኛው ምን ይባላል?» አሉኝ።

«ታኮ» አልኳቸው።

«ታኮ» አሉ፤ አፋቸው ውስጥ ቃሉን እያገላበጡ። «የልጅ ልጃችን በሚቀጥለው ዓመት ታገባለች።» ከዚያ ወደ ጫማ ሰፊው ዞሩ። «አንተ፣ ሰማህ? ሦስት ነው ያልኩህ።»